ለአከርካሪ ጥናት እንቁላል ፍለጋ፣ ከጀሞ እስከ ተፍኪ

ጀሞ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሁዳዴ ከገባ አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ እኔ ግን በጾም አገር እንቁላል ፍለጋ ወጥቻለሁ። ልበላው አይደለም።

መካኒሳ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ። አለቃዬ ዶክተር ሕይወት እኩያዬ ናት። ጽንስ ገና የጥቂት ቀን ሳለ አከርካሪው እንዴት እንደሚገጥም በዶሮ እንቁላል ላይ ታጠናለች። ባልደረባዋ ደግሞ ከዚያው ጽንስ ልቡን ያያል፤ አልፎ አልፎ በሕፃናት ልብ ውስጥ የሚበቅል ዕጢ ከየት እንደሚነሳ ማወቅ ይፈልጋል። እንቁላሉን የምናሞቅበት ሣጥን የውሰት ስለሆነ የቀረን አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ለእኔ ነገሩ ከሥራም በላይ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን አከርካሪዋ ሳይገጥም ወልጄ በሦስተኛ ቀኗ ቀበርኳት። ሊያጽናኑኝ የመጡ ጎረቤቶች "ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመሽ አራተኛ ፎቅ ስትወጪ ነው" አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ እኔ ግን አመንኳቸው። ልጄን የጎዳኋት እኔ ነኝ ወይ የሚለው ጥያቄ ነው ወደዚህ ሥራ የጎተተኝ።

እስካሁን ያስገባነው እንቁላል ሁሉ ውሃ ሆኖ ቀረ። የገዛሁት እኔው ነኝ፤ ከሰፈር ሱቅ፣ ትልልቁንና ንጹሑን መርጬ። ዘበኛችን ጋሽ ለሚ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። "የፈረንጅ እንቁላል? እነዚያ ዶሮዎች እኮ አውራ ዶሮ በዓይናቸው አይተው አያውቁም!" እኔና ዶክተሯ ተያየን። መማር ደጉ! ጋሽ ለሚ ተፍኪ ዶሮ የሚያረቡ እህት እንዳሏቸው ነግረው የእህታቸውን ስልክ ቁጥር ሰጡኝ።

ሰበታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

በዓለም ገና በኩል ሰበታ ደረስኩ። መናኸሪያው አጠገብ ፓስቲ በሻይ ቀምሼ የቱሉ ቦሎ መኪና እስኪሞላ ጠበቅኩ። ከሰበታ ሲወጡ ፋብሪካው ያልቅና ሜዳው ይከፈታል፤ ጥቁር አፈር፣ ታጭዶ ያለቀ የሽምብራ ማሳ፣ የጭድ ክምር። ንፋሱ ደስ ይላል።

ተፍኪ፣ ሦስት ሰዓት

የጋሽ ለሚ እህት አዴ ጫልቱ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቁም። ሰላምታው ሳያልቅ ጤፍ ውስጥ የቀበሩትን እንቁላል እየፈለቀቁ ቅርጫት ሞሉልኝ።

"ስንት ቀኑ ነው፣ እማማ?"

"ከቅበላ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ነው። በጾም ማን ይበላዋል? ለፋሲካ ገበያ ነው።"

ክው አልኩ። ሳምንት ያለፈው እንቁላል ለእኛ አይሆንም። የዚህ ሳምንት የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

"አለ። እሱ ግን የእሷ ነው፤ ዛሬ ማታ ላስታቅፋት ነው" አሉና ጥግ ላይ ተኝታ የምታጉረመርም ቀይ ዶሮ አሳዩኝ። "ለምን ፈለግሽው?"

ስለ ጥናቱ ላስረዳ ጀመርኩና አልሆነልኝም። ስለ ልጄ ነገርኳቸው። ለማላውቀው ሰው ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አዴ ጫልቱ ሰምተውኝ ተነሡና የዶሮዋን እንቁላሎች አንድ በአንድ በጭድ መጠቅለል ጀመሩ።

"አሥሩ ይበቃኛል፤ ሦስቱን ለዶሮዋ ይተዉላት።"

"አሥር? እንቁላል በጎዶሎ ነው የሚታቀፈው። አሥራ ሦስቱንም ውሰጂ።"

"ዶሮዋስ?"

"ታኩርፍ! ምን ታመጣለች?"

ከገበያው ዋጋ አስበልጬ ብሰጣቸው አልቀበል አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

የመልስ መንገድ፣ ስድስት ሰዓት

የሚኒባሱ ረዳት ቅርጫቱን ከኋላ ካልጫንኩ ብሎ ግብግብ ገጠመኝ። "እናት፣ ጾሙ ሳይፈታ?" እያለ ያሾፋል። "ጽንስ ነው የያዝኩት" ስለው ሳቀ፤ ግን ወደ ሹፌሩ ዞሮ "ቀስ በል፣ ሕፃን አለ!" ብሎ ጮኸ። እስከ ሰበታ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ሙሽራ መኪና እየተንቀራፈፍን አለፍነው። ያን ረዳት እግዜር ይባርከው።

እንቁላሎቹ በዚያው ምሽት ሣጥኑ ውስጥ ገቡ።

መካኒሳ፣ ሰኞ ከሰዓት

ከአሥራ ሦስቱ አሥራ አንዱ ጽንስ ይዘዋል። ዶክተር ሕይወት ቅርፊቱን በመስኮት ቅርጽ ከፍታ "ነይ እዪ" አለችኝ። በማይክሮስኮፑ አጎነበስኩ። ነጥብ የምታህል ልብ ትመታለች። ከአጠገቧ አከርካሪው የሚሠራበት ቀጭን መስመር አለ፤ ሁለት ጠርዞቹ እንደ ዚፕ ገጥመዋል።

"በሰው አራት ሳምንት ሳይሞላው ነው የሚዘጋው" አለች፣ ታሪኬን ስለምታውቅ ቀስ ብላ። "ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ አታውቅም።"

ይህንን አንብቤው ነበር። በዓይኔ እስካይ ግን ልቤ አልተቀበለውም። እኔ ጀሪካኑን የተሸከምኩት በአምስተኛው ወር ነው። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

"በሚቀጥለው አከርካሪ እንዲገጥም የሚረዳውን ፎሊክ አሲድ ኪኒን ከመፀነስሽ በፊት ጀምሪ" ብላ አቀፈችኝ።

ጀሞ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ይህ መንገድ ያስተማረኝ፣ ሰው ለብቻው የተሸከመውን ሌላ ሰው ሊያወርድለት እንደሚችል ነው። እኔን ያገዙኝ ዘበኛ፣ ገበሬና ረዳት ናቸው፤ ምን እንዳደረጉልኝ እንኳ በደንብ አያውቁም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዳዊት ሽንኩርት ይልጣል።

"እኔ አይደለሁም፣ ዳዊት" አልኩት።

ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። "አንቺ ነሽ ብዬ አውቃለሁ?"

"አንተማ አላልክም። እኔ ነኝ ስለው የኖርኩት።"

ቢላዋውን አስቀመጠ። ከቀበርናት ወዲህ ስለ ልጃችን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። አጠገቤ ተቀመጠና፣

"ፀጉሯ ብዙ ነበር፣ አይደል?" አለኝ።