«ውድ ጣሪያ»

ቦረማ ከተማ ውስጥ ሲስተር ኢድልን የማያውቅ ሰው ካለ ታሞ አያውቅም ማለት ነው። ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ ስትስቅ እንኳ ፊቷ ብዙም የማይለወጥ ሴት ናት። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ቁስል ታጥባለች፣ ስኳር ትለካለች፣ ሕፃናት ትከትባለች። የበሽተኛ መዝገብ ከወረቀት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ሲገባም ከሁሉ ቀድማ የለመደችው እሷ ናት።

ያስቸገራት ስም ነበር። «አህመድ መሐመድ አሊ» ብላ አፑ ላይ ስትፈልግ አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ ይወጣላታል። በልደት ቀን እንዳትለያቸው፣ ግማሹ የሚነግራት «ዝናቡ የጠፋ ዓመት» ብሎ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች፤ ሰውን በቅጽል ስሙ መዘገበች። አፑ ላይ «የሚታወቅበት ስም» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ግራኙ፣ ጥርሶ፣ አንድ ዐይናው እያለች ሞላችው። እኛ ዘንድ አንካሳውን አንካሳው ማለት ነውር አይደለም። ራሱም በር ሲያንኳኳ «አንካሳው ነኝ» ይላል።

ባለቤቱ በሌለበት ብቻ የሚነሣ ስምም አለ። ሀጂ አህመድ በወጣትነታቸው ከብት ገበያ ውስጥ የተቆጣ ግመል አባሯቸው ወፍጮ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው ነበር። ግመሉ ከታች ተኛ። እሳቸውም እስከ ምሽቱ የመግሪብ ሶላት አልወረዱም። ከዚያ ወዲህ ከተማው «ጣሪያ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «ሀጂ» ነው።

ሀጂ ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ ኢድል ታጥብላቸው ነበር። «ሀጂ፣ ካቋረጡ የምናጣው እግሩን ነው» ብላቸዋለች፣ በዚያ በማይለወጥ ፊቷ።

በዚህ መሀል አፑ ታደሰ። የሠሩት ሰዎች በሽተኛ በሚታወቅበት ስም ቢጠራ ደስ ይለዋል ብለው ነው መሰለኝ፣ የቀጠሮ መልእክት በራሱ መላክ ጀመረ። ሀጂ መነጽራቸውን ስላልያዙ ስልካቸውን ለሻይ ቤቱ ባለቤት ለሊባን ሰጡት። ሊባን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበላቸው፦

«ውድ ጣሪያ፣ ነገ ቁስልዎ የሚታጠብበት ቀን ነው።»

አንዱን ሰው ሻዩ ትን አለው።

«ድገመው» አሉ ሀጂ።

«ነገ ቁስልዎ...»

«ከመጀመሪያው።»

ሊባን ደገመው።

ሀጂ በማግስቱ አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም። ኢድል ቤታቸው ሄደች። ሚስታቸው በር ላይ ቆመው «የሉም» አሏት። ሀጂም ከጓዳ «የለሁም በያት!» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ወገኖቻቸው የኢድል ጎሳ ለስድቡ ካሳ እንዲከፍል ጠየቁ፤ ሽማግሌም ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ።

ለኢድል የቆመው አጎቷ ጉሌድ ነው። «ልጃችን አልተሳደበችም» አለ። «የተሳደበው ስልኩ ነው።»

በሀጂ በኩል የአጎታቸው ልጅ ዋበሪ ተነሣ። «ስልኩ የማን ጎሳ ነው?»

«ጎሳ የለውም።»

«ጎሳ የሌለው ነገር ሰው ሲሳደብ ታዲያ ማን ይካስለታል?»

ጥያቄው ከባድ ስለነበር እስከ ምሳ ወሰደ። ከምሳ በኋላ ስልኩ ቀረበና ሽማግሌዎቹ በየተራ አገላብጠው አዩት። ስልኩ ምንም አልተናገረም።

ኢድል ዳር ተቀምጣ የምታየው የሀጂን ፋሻ ነበር። ያሰረችው ራሷ ናት፤ አሁን የያዘውን ቀለም አልወደደችውም። ነፋሱ ዞር ሲል ሽታው ደረሳት። ብድግ ብላ በሽማግሌዎቹ መሀል አለፈችና ቦርሳዋን ከሀጂ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ኢድል! ጉዳዩ እኮ አላለቀም» አለ ጉሌድ።

«ጉዳዩ ይቆይ፣ አጎቴ። እግሩ አይቆይም።»

ሀጂ እግራቸውን ሰበሰቡ። «መጀመሪያ ንገሪኝ። ይህን ስም ማን ነገረሽ?»

«ሀጂ፣ ቁስሉ...»

«ማን?»

ኢድል ውሸት አይሆንላትም። «ሁሉም ሰው» አለች።

ሀጂ ሽማግሌዎቹን ተመለከቱ። ሽማግሌዎቹ ግራሩን ተመለከቱ። ለካ ሀጂ፣ ጣሪያው ላይ ያዩዋቸው ሰዎች አንድ በአንድ ሲሞቱ ስሙም አብሮ የተቀበረ መስሏቸው ኖሯል።

«ዋበሪ፣ አንተም?»

ዋበሪ ጢሙን አሻሸ። «አህመዶች በዙ እኮ፣ ሀጂ። ገበያ ላይ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው።»

«አንተስ፣ ጉሌድ?»

«እኔ ከዋበሪ ነው የሰማሁት።»

«ያን ግመል አላያችሁትማ» አሉ ሀጂ፤ እግራቸውንም ወደ ኢድል ዘረጉ።

ኢድል ፋሻውን ፈታች። ካየችው በኋላ ያለችው «መኪና ፈልጉ» ብቻ ነው። ጠያቂውም ተጠያቂውም ተያይዘው መኪና ፍለጋ ሮጡ። ካሳው የዚያን ለት ቀረ። ይከፈል ቢባል ከፋዩ ከተማው በሙሉ፣ ተቀባዩ ሀጂ ብቻ ሊሆኑ ነበር።

መኪናው እስኪመጣ ቁስሉን እያጠበች «ስሙን ከአፑ ላጥፋው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተይው። የሌላ አህመድ መድኃኒት ልታስውጪኝ ነው? መልእክቱን ብቻ አቁሚልኝ። ስትፈልጊኝ ሰው ላኪ።»

ሆስፒታል እግሩን አተረፉላቸው። ትንሿ ጣት ግን አልተረፈችም። ሀጂ ከነፋሻቸው ሻይ ቤት ተመልሰው ሲቀመጡ ሊባን ለጣቷ አዝኖ ነፍስ ይማር ሊል ምንም አልቀረው።

«ተዋት» አሉት። «ድሮም ሥራ አልነበራትም።»