የማያለቅስ ክፍል

የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት እንባ አትወድም። አትወድም ስላችሁ ደግሞ እንዲሁ ተራ አለመውደድ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያለቅስ ልጅ ካየች ሳታስቀው እህል አይዋጥላትም። መነጽሯን ገልብጣ ታደርጋለች፣ ጠመኔ አፍንጫዋ ሥር ሰክታ ጢም ታወጣለች፣ ካስፈለገም ከልጁ ብሳ ታላዝናለች። መምህራኑ «ሳቂታዋ» ይሏታል። ሳቋ በኮሪደሩ ቀድሟት ስለሚመጣ፣ ያረፈደ ልጅ ገና ደረጃው ሥር ሆኖ ክፍል መግባት አለመግባቷን ያውቃል።

ጡረታ የወጣውን ባሏን ካመንነው፣ የገዛ እናቷ ቀብር ላይ እንኳ ለቀስተኛውን አስቃ ነው የሸኘችው። «ምን ላድርግ፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ሲያየኝ ጨነቀኛ!» ትላለች። እሷ ራሷ አልቅሳ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፤ ባሏም ጠይቋት አያውቅም።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ቀጠረ። ወጣት ናት፤ ድምጿ ከመለስለሱ የተነሳ ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ይጠጋታል። የልጆቹ ስሜት በየቀኑ ይታወቅ ብላ በየክፍሉ በር አጠገብ ሰሌዳ አሰቀለች። ሰሌዳው ላይ የሳቀ፣ ያዘነ፣ የተቆጣና የደከመው ፊት ተስሏል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሥዕል የሳለበት የልብስ መቆንጠጫ አለው፤ ጠዋት ሲገባ ስሜቱን በሚመስለው ፊት ሥር ይሰካዋል።

ሳቂታዋ ሰሌዳውን ወደደችው። ወደደችውና አበላሸችው። ገና በመጀመሪያው ቀን አንዱ ከሳቀው ፊት ሥር ሲሰካ «እሰይ የኔ ጀግና!» ብላ ክፍሉን በሙሉ አስጨበጨበችለት። ከዚያ ወዲያ ማን ሞኝ አለ ሌላ ጋ የሚሰካ? ተሳስቶ ካዘነው ፊት ሥር የሰካ ደግሞ እስኪስቅ ድረስ ብብቱ ይኮረኮራል። ሳምንት ሳይሞላው ከሳቀው ፊት ሥር ቦታ ጠፍቶ መቆንጠጫ በመቆንጠጫ ላይ ሆነ፤ ሌሎቹ ፊቶች ጠያቂ እንዳጣ ቤት ጭር አሉ። እሷማ ኩራቷ አይጣል ነው! ሻይዋን እያማሰለች የጎረቤት ክፍሉን መምህር «ያንተዎቹ ዛሬስ ስንቱ ከፋው?» እያለች መፈናፈኛ አሳጣችው።

«እትዬ» አለቻት አማካሪዋ አንድ ቀን፣ «ልጅ ሁሉ በየቀኑ ደስ ይለዋል ብለው ነው?»

«እኔ ጋ ከመጣማ እንዴታ!»

«እንጃ… እኔን ትንሽ ያሳስበኛል።»

«የኔ እመቤት፣ የሚያሳስብሽ ካጣሽ ለጉልበቴ አስቢልኝ፤ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። አማካሪዋም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ከልጆቹ ሁሉ ሳቂታዋ አብልጣ የምትወዳት አንዲት ልጅ ነበረች። መቆንጠጫዋ ላይ ጥንቸል ስለሳለች ጥንቸሏ ይሏታል። ቀልዱ ሳያልቅ ቀድማ የምትስቅ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሳቂታዋ በየጠረጴዛው እየዞረች ስታወራ ከሁሉ በላይ የምትንከተከት እሷ ናት። ሳቂታዋ ሳቋን እንጂ ምሳ ዕቃዋን አይታው አታውቅም።

አንድ ጠዋት የጥንቸሏ እናት ልጇን አድርሳ በሩ ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ ገና አንገቷ ላይ ነው። የያዘችውን ምሳ ዕቃ ከፈተችው።

«መምህርት፣ ይህ የትናንት ምሳዋ ነው። ይኸው፣ አልተነካም። አባቷ ሻንጣውን ይዞ ከቤት ከወጣ ወዲህ ቤትም እህል አልቀምስ፣ ቃልም አልተነፍስ ብላኛለች። ቀሚሷን ስንቴ አጠበብኩት! ልጄ እጄ ላይ እያለቀችብኝ ነው። እዚህስ እንዴት ናት ይበሉኝ?»

ሳቂታዋ ያልተነካውን ምሳ አየችው። «እዚህማ… ትስቃለች።»

«ትስቃለች?»

«ቀኑን ሙሉ።»

እናትየው ሰሌዳውን አየች። ጥንቸሏ ከሳቀው ፊት ሥር ተሰክታለች። «ጥርስ ባዳ ነው» አለችና እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ጠርጋ ወጣች።

እረፍት ሲደወል ሳቂታዋ ልጅቷን አስቀረቻትና ከትንንሾቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

«ጥንቸሌ፣ መቆንጠጫሽን ሁልጊዜ እዚያ የምትሰኪው ለምንድን ነው? ደስ ሳይልሽም?»

ልጅቷ ያችን የለመደቻትን ፈገግታ አሳየቻት። «አንቺ እንዳይከፋሽ ነዋ፣ ቲቸር።»

«እኔ?»

«ልጅ ሲያለቅስ ትደነግጫለሽ። እማዬም አባዬ ሲሄድ እንደዚያ ሆነች። አንቺ እንኳን ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»

ኧረ መሬት ተከፍታ ብትውጣት! ይህን ሁሉ ዓመት ልጅ አስደሰትኩ ስትል የኖረች ሴትዮ፣ ለካ በአንዲት ፍሬ ልጅ ስትባበል ከርማለች። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ አዘነች። እንደ ልማዷ ቀልድ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ፤ በመከራ መለሰችው።

«እኔ ቢከፋኝ እችለዋለሁ፤ ትልቅ ሰው ነኝ» አለቻት። «አንቺን ከከፋሽ ይክፋሽ።»

«አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

ያን ጊዜ ልጅቷ አለቀሰች። ሳቂታዋ አልኮረኮረቻትም፤ ጢምም አላወጣች። አቅፋ ተቀመጠች፤ ንፍጡንም እንባውንም ሹራቧ ተቀበለው። የእሷም እንባ ፈሰሰ፤ ለሞተችው እናቷ ይሁን ለልጅቷ እሷም አልለየችው።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ግር ብለው ገቡ። አንዱ እንደ ክፍሉ ደንብ ጥንቸሏን ሊኮረኩር ሮጠ።

«ተዋት፣ ታልቅስ!» አለች ሳቂታዋ።

«ይቻላል እንዴ?» አለ ልጁ።

«ይቻላል።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ሄዶ መቆንጠጫውን ነቅሎ ከደከመው ፊት ሥር ሰካው። «እኛ ቤት ሕፃን አለ፤ አያስተኛም» አለ። ሌሎቹም እየተገፋፉ ተከተሉት። ከሳቀው ፊት ሥር የቀረው ጥቂት ነው። አማካሪዋ በበሩ ስታልፍ ይህን አይታ «ብዬ ነበር» አላለችም፤ ደግ ልጅ ናት።

ምሳ ሰዓት ሳቂታዋ እንደ ወትሮዋ በየጠረጴዛው አልዞረችም፤ ከጥንቸሏ አጠገብ ቁጭ አለች። ልጅቷ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ዝም ብላ ታየዋለች። ሳቂታዋ ቻለች፣ ቻለች፣ በመጨረሻ አቃታት።

«ቀልድ ልንገርሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ዛሬ ይቅር፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ፤ ጎረሰችም።