የጋሽ መኮንን አንድ ደቂቃ

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ጋሽ መኮንን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ልጠይቃቸው ብሄድ፣ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው «ባትሪው አልቋል፤ ቀይሪልኝ» አሉኝ። ያው የጥንቱ ሰዓት ነው። ሳየው የድሮው ጭንቀት መጣብኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሳሎናቸው እየተኛሁ አሌክሳንድሪያ ኮሌጅ እማር ነበር። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ኮርሱን አንዴ ወድቄዋለሁ፤ ዳግመኛ ከወደቅሁ ከትምህርት ክፍሉ መባረሬ ነው። ለጋሽ መኮንን ግን ከኤርፖርት ከተቀበሉኝ ቀን ጀምሮ ኢንጂነር ነበርኩ። ለጎረቤቱም ለቤተ ክርስቲያኑም ሰው ያስተዋወቁኝ እንዲያ ብለው ነው።

ማለፍ አለማለፌን የሚወስነው የመጨረሻው የቤት ሥራ፣ ጽሑፉ ተፍቆ የተሰጠንን ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ መጠን ማግኘት ነበር። ካፓሲተር ኤሌክትሪኩን በሚገታ ሬዚስተር በኩል ከባትሪ ሲያገናኙት ቀስ እያለ ይሞላል። ቮልቴጁ ከባትሪው ስልሳ ሦስት በመቶ እስኪደርስ የፈጀውን ሰከንድ ለሬዚስተሩ መጠን ማካፈል ነው፤ አለቀ። እኔ ቮልቴጁን በመለኪያ ሳይ ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። አገር ቤት ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩት ጋሽ መኮንን ደስ እያላቸው ቀረቡ።

ኅዳር ነበር። ቅጠሉ ረግፎ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሂተሩ ቤቱን አፍኖት፣ ሽሮው ምድጃ ላይ ይንተከተካል። «ጀምሪ!» አሉኝ። ጀመርኩ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ አነሱት።

«እንዴት ነህ ጃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እናትህስ እንዴት ናቸው?»

ሰላምታው አላልቅ አለ። እኔ በሆዴ እየቆጠርኩ ነበር፤ አርባ ሰባት ስል ቮልቴጁ ደረሰ። «በቃ ጋሼ!» አልኩ። ስልኩን እንደያዙ ሰዓታቸውን ገልመጥ አደረጉና «ልክ አንድ ደቂቃ! ጻፊ» አሉ።

ጻፍኩ። እንደገና እንለካ ብል፣ ሰዓት ማየት አይችሉም ማለት ሊሆን ነው። እሳቸውም ካፓሲተሩን ከነሽቦው ጠቅልለው ለመምህሩ በሚመለሰው ፖስታ ውስጥ አሸጉት።

መልሴ ስህተት ሆኖ ወደቅሁ። «መምህሩ ጠምዶሽ ነው! እኔ ራሴ ሄጄ ኮምፕሌይን አደርጋለሁ» ብለው ከረባታቸውን አሰሩ።

ወደ ኮሌጁ ስንሄድ፣ ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ድልድዩ መሀል ትራፊኩ ቆመ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከሥር ወንዝ። እውነቱን ብናገር እኔ ፊት ያፍራሉ፤ ዝም ብል መምህሩ ፊት ይዋረዳሉ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ሳሰላ ተሳስቻለሁ።»

በአንድ እጃቸው መሪውን እንደያዙ ከረባታቸውን ፈቱ። «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አሉ። መውጫ ስናገኝ ወደ ቤት ተመለስን። ከትምህርቱ ተባረርኩ፤ ሄርንደን አጠገብ ካለው ኤርፖርት ሥራ ገባሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ኢንጂነር ብሎ የጠራኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ለብዙ ዓመት በሆዴ ተቀይሜያቸው ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ባትሪውን ቀይሬ ሰዓቱን ሰጠኋቸው። የሰከንዱን መርፌ ዙሩን እስኪጨርስ አዩት።

«ያን ዕለት ስንለካ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ረስቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ አልረሳሁትም» አሉ፤ ሰዓቱን እጃቸው ላይ ማሰር አቅቷቸው እኔ አሰርኩላቸው። ለካ ድልድዩ ላይ ከቆመው ከዚያ መኪና እሳቸውም እንደኔ እስከ ዛሬ አልወረዱም ነበር።