የአባቴ በረንዳ ለምን አልተዘጋም

ሆሳዕና፣ ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቤት ነበረን ይባል እንጂ የምንኖረው በረንዳው ላይ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው በረንዳው ላይ፣ ደንበኛው በረንዳው ላይ፣ እኛም በረንዳው ላይ። ወደ ውስጥ የምንገባው ለመተኛትና ለመጸለይ ብቻ ነበር።

ችግሩ የአባቴ ደረት ነው። ክረምት ሲገባ ነፋሱ ዝናቡን አዝሎ በጎን ይገባበታል፤ እሱም እስከ መስከረም ሲስል ይከርማል። አንድ ዓመት እናቴ መረራት። «ሰውዬ፣ ወይ በረንዳውን ዝጋ፣ ወይ መቃብርህን አስቆፍር!» አለችው። አናጺ ተጠራ፤ በረንዳው ዙሪያውን በሳንቃ ተመታ፣ ወደ መንገዱ በኩል ትንሽ በር ተገጠመለት። ሳሉ ጠፋ። እናቴ እሁድ እሁድ ፈጣሪዋን ስታመሰግን አናጺውንም ጨምራ ነበር።

ይህ ሁሉ የቆየው አክስቴ ከዳምቦያ እስክትመጣ ነው። ያኔ ትርፍ ቤት ተወርሶ አልቋል፤ አባቴም የሚያከራያትን አንዲት ቤት አስረክቦ፣ አጨብጭቦ ተመልሷል። አክስቴ በሩን ስታይ ራሷን ያዘች። «ምን ጉድ ነው! በር ያለው ሁሉ ቤት ነው ተብሎ እየተቆጠረ፣ እናንተ በር ትሠራላችሁ? እኛ ጋ የሰውዬውን ማድቤት ወስደውበታል!» የትኛው ሰውዬ? እሷም አታውቅም። ቀበሌ ሄዳችሁ አትጠይቁም ነበር እንዳትሉኝ። ሄዶ «በረንዳዬ ቤት ነው ወይ?» ያለ ሰው ቁልፉን አስረክቦ እንደመጣ ይቆጠራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

የቀበሌው ቤት ቆጣሪዎች በዚያው ሳምንት ይመጣሉ ተባለ። አባቴ መልሶ በየተራቸው ለመግጠም እንዲመቸው በልብስ ጠመኔው እያንዳንዱ ሳንቃ ላይ ቁጥር ጻፈና ነቃቀላቸው። እኔና እናቴ አልጋ ሥር ደረደርናቸው። በሩን ፍራሹ ሥር አስተኛነው። የአባቴም ሳል በማግስቱ ተመለሰ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ መጣ። ነፋሱ መዝገቡን ይገለባብጥበት ጀመር። እናቴ ትኩስ የቡላ አጥሚት ብታቀርብለትም አልሞቀውም፤ የኮቱን ኮሌታ ቀና አድርጎ «አይ ብርድ! ጓድ፣ እንዲህ እየሳልክ ይህን በረንዳ ለምን አትዘጋውም?» አለ።

«አየር እወዳለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ አባቴ፣ ሳሉን ውጦ።

ሰውየው ከግቢው እንደወጣ አባቴ በኩራት ወደ እኔ ዞረ። «አየሽው? ሊያወጣጣኝ እኮ ነው!» ሁላችንም ብልጠቱን አደነቅንለት። ያ አድናቆታችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሳንቃዎቹ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። አባቴ «ይህ ቆጠራ ይለፍ» ይላል፤ ቆጠራው ግን መቼ ያልፋል? ዛሬ ቤት፣ ነገ ለዘመቻ የደረሰ ወጣት፣ ከነገ ወዲያ ለመሠረተ ትምህርት የሚመዘገብ። እናቴ በጋ በመጣ ቁጥር ምስጥ እንዳይበላቸው ሳንቃዎቹን ጓሮ አውጥታ ፀሐይ ታስመታቸዋለች፤ አባቴ ደግሞ እየሳለ፣ የደበዘዘውን ቁጥር በጠመኔ ያደምቃል። የሳንቃዎቹን ሩብ ያህል እንኳ ለደረቱ ብናስብለት ምን ነበረበት!

በአምስተኛው ክረምት ሞተ። ለቀስተኛው በረንዳውን ሞላው። ሊቀመንበሩም ጋቢውን ተከናንቦ መጣና የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ። ነፋሱ ሲመታው ተሸማቀቀ።

«ነግሬው ነበር እኮ» አለ። «ዝጋው ብዬው ነበር። በረንዳን ማን ይቆጥራል?» ከልቡ ነበር ያዘነው፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም።

ሁሉም አቀረቀረ። እናቴ ብቻ ቀና አለች።

«ነግረውታል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለችው። «ያልዘጋው እርስዎ ስለነገሩት ነው።»