ክሎሪኔን አልሰጥም

የኬሚስትሪዋ መምህርት ባሏን ካኮረፈች ሰንብታለች። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» አለ፤ በቃ። እኔ ብሆን ጭልጥ አድርጌ ጠጥቼ አመሰግን ነበር፤ ትዳር አያያዝ ከኔ ይማሩ! ብቻ እሱ ይቅር።

ችግሩ፣ ስለ ንጥረ ነገሮች ለተማሪዎቿ ከጫማ ካርቶን ቆርጣ የሠራችው የካርታ ጨዋታ ነገ ክፍል ይገባል፤ አብሯት የሚሞክረው ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ከባሏ ሌላ የለም። ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አደለች።

«ና ተጫወት» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ከራስህ ካርታ ጋር የሚዋሃደውን ከሌላው ትጠይቃለህ፤ ነጥቡ የጠያቂው ነው። ለሷ ሶዲየም ደረሳት፣ ውሃ ሲነካው የሚፈነዳው። ለሱ ክሎሪን፣ ያ የቧንቧ ውሃ ላይ የሚሸተው፤ እሱን እንኳ ሳልማርም አውቀዋለሁ።

«ክሎሪን ስጠኝ።»

«ሰጥቼ ምን ላገኝ? ነጥቡ ያንቺ!»

«አንተ እልኸኛ!»

«እመቤቴ፣ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ጨዋታው ቀጥ አለ። ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ተማሪዎቿ በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋት፤ ሁሉም ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲኮራረፉ። እርሳሷን አንስታ ሕጉን ሰረዘችና አዲስ ጻፈች፤ ሲዋሃዱ ነጥቡ ለሁለቱም ነው።

ባልየው ወዲያው ክሎሪኑን ከሶዲየሟ ጎን አስቀመጠላት።

«አሁን ምን ሆነ?»

«ጨው» አለችው፤ ሳቋ አመለጣት።

«ይሄኛው ልክ ነው» አላት።