እትዬ ሜትር የተሳሳቱበት ቀሚስ

እትዬ ሜትር የተባሉት የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው። ለጸሎት ሲሄዱ እንኳ ቢጫ ጫፉ ከሻርፓቸው ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። "ፈጣሪም ለምዶታል" ይላሉ።

ልብስ መስፋት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልክ ስተው አያውቁም። ደንበኛ በር ላይ ሲደርስ ትከሻውን፣ ወገቡንና የእጅጌውን ርዝመት በዓይናቸው ወስደው ይጨርሳሉ። ሜትሩን የሚዘረጉት ለወጉ ያህል ነው። አንዴ አንድ ቦርጫም ሰውዬ፣ "እትዬ፣ ዘንድሮ ትንሽ ከስቻለሁ" ቢላቸው ከመነጽራቸው በላይ ቃኘት አድርገው፣ "በየት በኩል?" አሉት።

ሱቃቸው በአረንጓዴ መጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናው፣ የካውያው ጠረጴዛ፣ ቁም መስተዋቱና መስኮቱ ሥር ያለች ወንበር አሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ማንም አያይም። ከሰዓት በኋላ ግን ከዚያ በኩል የሴት ዘፈን ይሰማል፤ ለስለስ ያለ፣ ሥራ የያዘ ሰው የሚያንጎራጉረው ዓይነት። እትዬ ሜትር ማንም ሳይጠይቃቸው "ሬዲዮ ነው" ይላሉ።

ሬዲዮ አልነበረም፤ ታናሽ እህታቸው ናት። በሃያ አራት ዓመቷ አእምሮዋን ታመመች። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይጠራት ጀመር፣ እንቅልፍ አጣች፤ አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቷ ጫማዋን ጥላ ወጣችና መንገደኛ ከቦ ሲስቅባት እትዬ ሜትር ደረሱ። ከዚያ በኋላ ታከመች። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፣ አዝራር ትተክላለች፣ ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ ከታላቋ ይልቅ ቀልድ ታውቃለች። ያ ሳቅ ግን ከእትዬ ሜትር ጆሮ አልወጣም። ለጠየቃቸው ሁሉ፣ "ሌላ ከተማ አግብታለች" አሉ። ወሬው ቆየና አሥራ አንድ ዓመት ሞላው። እህትየው ጠዋት በጓሮ በር ትገባለች፤ ሱቁ ሲዘጋ በጓሮ በር ትወጣለች።

"እታለም፣" ትላቸው ነበር፣ "መስኮቱ ጋ ልቀመጥ። ለአዝራር ቀዳዳ ብርሃኑ ይሻለኛል።"

"ነገ።"

"እኔ እኮ ተሽሎኛል። ያልተሻለሽ አንቺ ነሽ።"

"ነገ አልኩሽ አይደል?"

ነገሩን የቀየረው የሰፈራችን የሙዚቃ መምህር ነው። ይህ ሰው ከጤና ጣቢያው ጋር ሆኖ በዘፈን የተሞላ ቴአትር አዘጋጀ። አንዲት አእምሮዋን የታመመች ልጅና መጠጥ የያዘው ወንድሟ ያሉበት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ሰው ታማሚውን እንዳይደብቅ፣ እንዳይስቅበትም የሚመክር። ተዋንያኑ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ታማሚዋን የፋርማሲዋ ልጅ፣ ወንድሟን የአውቶቡስ ሾፌሩ ይጫወታሉ። ለልብሱ መምህሩ ወደ እትዬ ሜትር መጣ።

"ለታማሚዋ ቡትቶ ነው የምፈልገው፣ እትዬ። ቅድድድ ያለ፣ ጭቃ የነካው፣ አንዱ እጅጌ የሌለው። ገና ስትገባ ሕዝቡ እንዲያውቃት።"

"ቡትቶ ይሰፋል እንዴ? ለዚህማ መቀስ ይበቃሃል።"

መምህሩ ስቆ ሊሄድ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ዘፈኑ መጣ። ቆም አለ። "ይሄ ጣቢያ ስንት ቁጥር ላይ ነው? ባለፍኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። ዜና የለው፣ ማስታወቂያ የለው።"

"እኔ ምን አውቄ፤ ራሱ ነው የሚይዘው" አሉ እትዬ ሜትር፣ መርፌ ፍለጋ አቀርቅረው።

ልብሱን እሺ ብለው ተቀበሉ። እሺ ያሉት ግን አፋቸው ነው። ኋላ እንደነገሩኝ፣ አሮጌ ጨርቅ አውጥተው ሊቀድዱ ቢነሱ እጃቸው ሌላ መደርደሪያ ላይ ሄደ። ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ዘረጉ። እያሰቡ ይሁን ሳያስቡ ቆረጡት፣ ሰፉት፣ ለአንገትጌው ጥልፍ ጨመሩበት፣ ደጋግመው ተኮሱት። ልብስ የሚለካበት ቀን ደረሰና ቀሚሱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ተዋንያኑ ወደሚለማመዱበት አዳራሽ ሄዱ።

የፋርማሲዋ ልጅ ለብሳው ስትወጣ ሳቁ ፈነዳ። ልጅቱ ቀጭን ናት። ትከሻው ክንዷ ላይ ወርዷል፣ ጣቶቿ እጅጌው ውስጥ ጠፍተዋል።

"እትዬ፣ ከእኔ ጋር የሚገባ ሌላ ሰው አለ እንዴ?"

"ቦታ ካለማ እኔም ልግባ" አለ ሾፌሩ።

"ጉድ! እትዬ ሜትር ልክ ሳቱ! ቀኑ ይመዝገብልን!" አለ መምህሩ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። "ደግሞስ ቡትቶው የታለ? ይሄ የሙሽራ ሚዜ የምትለብሰው ነው እኮ።"

እትዬ ሜትር አልሳቁም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው የቀሚሱን ትከሻ ለኩ፣ ወገቡን ለኩ፣ እጅጌውን ለኩ። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። "ዓይኔ ደክሞ ነው" ብለው መውጣት ይችሉ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያላበላሹትን ስም ግን እንዲህ በዋዛ ሊያስረክቡ አልፈለጉም።

"ልኩ አልተሳሳተም" አሉ። "የእህቴ ልክ ነው።"

"ሌላ ከተማ ያገባችው?"

"አላገባችም። ከመጋረጃው ጀርባ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ።" ሜትሩን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት። "እህቴ አእምሮዋን የታመመች ናት። ቡትቶ ግን አንድም ቀን ለብሳ አታውቅም። እኔ እያለሁ?"

መምህሩ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። "እንግዲያው… ሬዲዮው?"

"እሷ ናት።"

"ለካ ለዚህ ነው ማስታወቂያ የሌለው!"

አሁን እትዬ ሜትርም ሳቁ፤ ሳቁ ከእንባ ጋር ተደበላለቀባቸውና በሜትሩ ጫፍ ጠረጉት። ሾፌሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። "እትዬ፣ እርስዎ ብቻ መስለዎት? እኔ መጠጥ ካቆምኩ አራት ዓመቴ ነው። ስጠጣ በነበረ ጊዜ ሚስቴ ለጎረቤት 'ጨጓራውን ነው' ትል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የጨጓራ መድኃኒት አምጥቶልኝ ቤታችን ፋርማሲ መስሎ ነበር።"

መምህሩ ወረቀቱን አወጣና "ቡትቶ" የሚለውን ሰረዘው። "በዚሁ ጨርቅ፣ በዚሁ ስፌት፣ በዚህች ልጅ ልክ ሌላ ይስፉልኝ። ይሄኛው ለባለቤቱ ይሂድ።"

እትዬ ሜትር ሱቅ ሲመለሱ እህታቸው የአዝራር ቀዳዳ እየሠራች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ቀና አላለችም።

"ስንት ሰው ሰማ?"

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ ብቻ?" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ቀሚሱስ?"

"ያንቺ ነው።"

"ለብሼው ቴአትሩን አያለሁ። በር አጠገብ አስቀምጪኝ፤ ከበሮው ከበዛብኝ እወጣለሁ።"

እትዬ ሜትር "ነገ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ነገ የሚሉት ነገር ግን አልቆባቸው ነበር። ያን ሰሞን ጸሎታቸው አንድ ብቻ ሆነ፦ ጌታ ሆይ፣ ሰው እንዳይስቅባት።

ቴአትሩ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እህትየው በር አጠገብ፣ የረድፉ መጨረሻ ላይ በሰማያዊ ቀሚሷ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። እትዬ ሜትር መድረኩ ጀርባ መርፌና ክር ይዘው በመጋረጃ ስንጥቅ ያያሉ፤ መድረኩን ሳይሆን በር አጠገብ ያለችውን ወንበር።

መድረኩ ላይ ቤተሰቡ ገበታ ያሰናዳል፣ ይዘፍናል። ሾፌሩ ጠርሙስ ቦቲ ጫማው ውስጥ ስለሚደብቅ ሰው ሲዘፍን አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ የሰውየው ትንሽ ልጅ ያንን ጫማ ሊያደርግ ሲያነሳው፣ ሳቁ ሁሉ እንደ ውሃ ወደ ውስጥ ሰረገ። የፋርማሲዋ ልጅ በሰማያዊ ቀሚሷ ሳህን ትደረድራለች፣ አብራ ትዘፍናለች፣ አንዳንዴ ብቻ ማንም ላልጠራት ዞር ትላለች።

እህትየው አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ወፈር ያሉ እናት ጠጋ አሉና አንሾካሾኩ። "ልጄ፣ እብዷ መቼ ነው የምትገባው?"

"ገብታለች። ከተጀመረ ጀምሮ እዚሁ ናት።"

ሴትዮዋ መድረኩን አዩ። ቀሚሱን አዩ። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ቀሚስ አዩ። ሴትዮዋ የእህትየውን እጅጌ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

"ደስ ሲል። ማን ሰፋልሽ?"

"እህቴ።"

ሁሉም የሚዘፍኑበት ክፍል ደረሰና ከበሮው አዳራሹን አናወጠው። እህትየው ጆሮዋን በእጇ ይዛ ብድግ አለች፣ ወጣች። በስንጥቁ ባዶ ወንበር ያዩት እትዬ ሜትር በጓሮ በር ወጥተው፣ ሕንጻውን በሩጫ ዞረው፣ ሜትራቸው ከኋላ እየተውለበለበ ደረሱ። እህታቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ሲሉ ግን ከውስጥ የሚዘፈነውን ዘፈን አብራ እያዜመች ነው።

"ከበሮው በዛ፣ እታለም። ደህና ነኝ። ሲቀንስ እመለሳለሁ።"

"ወደ ቤት ብንሄድስ?"

"መጨረሻውን ሳላይ? አንቺ ብትፈሪ ሂጂ።"

ሲቀንስ ተመለሰች። እትዬ ሜትር በሩ ላይ ቆመው አዩ። ወንበሩን ማንም አልያዘውም፤ ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ጠብቀውላት ነበር። እህትየው ስትደርስ አነሱላትና፣ "ብዙ አላመለጠሽም፣ ሾፌሩ ታረቀ" አሏት።

ሰኞ በዚያ በኩል ሳልፍ አረንጓዴው መጋረጃ ግድግዳው ጥግ ላይ ተሰብስቦ ታስሯል። መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር እህትየው አዝራር ትተክላለች፣ ታንጎራጉራለች። እትዬ ሜትር መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ግን ቀና ይላሉ። ገና አልለመዱትም። ይለምዱታል፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ጌታ ለዚህ አያንስም።

መምህሩ በብስክሌት መጣና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። "እትዬ፣ ሬዲዮውን ወደ ፊት አመጡት?"

እህታቸው ቀድማቸው መለሰች።

"ማስታወቂያም ጀምረናል። ሱሪ በሦስት ቀን፣ ቀሚስ በሳምንት ይደርሳል! ቡትቶ አንሰፋም!"