የላቀች እሬት

ላቀች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሳይሟሟቅ ትጠፋለች። ኮረሪማዋን ለጎረቤቷ ለተሾመች አደራ ትልና፣ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ቁልቁል ወደ ጋሽ ሰብሃት አትክልት ስፍራ ትወርዳለች።

"ደግሞ ወደ እሾህሽ ልትሄጂ ነው?" ትላታለች ተሾመች። "ይሄ ሁሉ ጫካ እያለልን እሾህ ለማየት ይኬዳል? ኧረ ተይ አንቺ ሴት!"

ላቀች ነጠላዋን ታጣፋና መንገዷን ትቀጥላለች።

እውነት ለመናገር ቦታው ለቦንጋ ሰው መሳቂያ ነበር። ጋሽ ሰብሃት ጡረታ የወጡ የግብርና መምህር ናቸው። ዝናብ እንግዳ ባልሆነበት አገር፣ አሸዋና ጠጠር አስደልድለው፣ በላዩ ነጭ ላስቲክ ወጥረው፣ ቁልቋሉን፣ ቃጫውን፣ እሬቱን ተከሉበት። "ልጆቻችን የደረቅ አገር ተክል ምን እንደሚመስል ይዩ" ብለው ነው። ለመግባት አይከፈልም፤ በሩ ገርበብ ብሎ ይውላል። የፈለገ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ስቆ ይወጣል።

ላቀች ግን አትስቅም። ጥግ ላይ ካለችው እሬት አጠገብ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ግራ ቀኝ ታይና ሰው ከሌለ ሃይላንዷን ከፍታ ሥሯ ላይ ታፈሳለች፤ ጠብታ አታስቀርም። "ጠጪ እማዬ፣ ጠጪ" ትላለች ቀስ ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላቀች የወሎ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቷ እጇን ይዛ ወደ እርዳታ ጣቢያ ስትጓዝ፣ በያዙት ቅል ውስጥ የቀረችው ውሃ አንድ ጉንጭ ብቻ ነበረች። እናት ቅሉን ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። "ጠጪው፤ እኔ አልጠማኝም" አለቻት። ላቀች ጠጣች። ልጅ ናት፤ ምን ታድርግ! እናቷ ጀምበር ሳትጠልቅ መንገድ ዳር ቀረች። አቅም የከዳቸው መንገደኞች አፈር መለስ አደረጉባትና ሄዱ።

በነላቀች መንደር መቃብር ላይ እሬት ይተከላል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሬት ስለሚቆይ፣ የሟች ቦታ እንዳይጠፋ ነው። ለላቀች እናት ግን ማን ይትከልላት? ልጅቱ ከሰፋሪ ጋር በመኪና ተጭና ከፋ ገባች፤ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች። ያን መንገድ ዛሬ አሳዪን ቢሏት አታውቀውም። እንግዲህ ጋሽ ሰብሃት ግቢ ውስጥ እሬቷን ያየች ዕለት የእናቷን መቃብር ያገኘች መሰላት። ከዚያ ወዲህ ነው ውሃ የምታመላልሰው።

አንድ ቅዳሜ ስትደርስ ጋሽ ሰብሃት እሬቷ ሥር ተንበርክከዋል። አጠገባቸው ዶማ ተጋድሟል። ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው ተዝለፍልፈዋል።

"ምን ሆነችብዎ ጋሼ?" አለች ላቀች።

"በሰበሰች እንጂ ምን ትሆናለች! ላስቲኩ አልተቀደደ፣ ዝናብ አልገባ፤ አሸዋው ግን ጭቃ ሆኗል። አንዱ ርኅሩኅ ነኝ ባይ ያጠጣታል ማለት ነው። የዚህ አገር ሰው ደረቅ ነገር ሲያይ አንጀቱ አይችልም! እሬት ውሃ ሲበዛባት ትሞታለች ብዬ ለማን ልንገር? አሁን መንቀል ነው።"

ሃይላንዱ ከነጠላዋ ሥር ወደቀና ተንከባሎ እግራቸው ሥር ቆመ። ጋሽ ሰብሃት ሃይላንዱን አዩ፤ ቀና ብለው እሷን አዩ።

"እኔ ነኝ" አለች ላቀች። "ያኔ ውሃዋን ጠጣሁባት፤ አሁን ደግሞ በውሃ ገደልኳት። ወይኔ እማዬን! ሁለት ጊዜ!" መሬት ላይ ተቀመጠችና ለባሏ እንኳ ተንፍሳው የማታውቀውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ጋሽ ሰብሃት ቁጡ ናቸው፤ አበባ የቀጠፈ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ያባርራሉ። ያን ዕለት ግን እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ቢላ አወጡና የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ፤ ደህናውን አናቷን ለላቀች አስጨበጧት።

"ቤትሽ ጥላ ላይ አስቀምጫት። ቁስሏ እስኪደርቅ አፈር እንዳይነካት፤ የውሃ ስምማ እንዳታነሺባት። ከዚያ አምጥተሽ ትተክያታለሽ።"

"እኔ? እኔው ራሴ?"

"ታዲያ ለእናትሽ ማን ይትከልላት?"

ላቀች እንደተባለችው አደረገች። አዲስ አሸዋ ላይ በእጇ ተከለቻት፤ ዙሪያዋን በጠጠር ከበበቻት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ባዶ እጇን ትቀመጥ ጀመር። ጭንቅ ነበር። እሬቷ ጭምትርትር ባለች ቁጥር የላቀች ጉሮሮ አብሮ ይደርቃል።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ፀሐያማ ቅዳሜ፣ ለመንገዷ ብላ ሃይላንድ ይዛ መጣች። ከእሬቷ መሃል ጣት የምታህል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብላለች። ላቀች እልል ልትል ቃጣትና አፏን ያዘች። ሳታስበው የሃይላንዱን ክዳን ፈታች፤ እጇ ዘንበል አለ። ጋሽ ሰብሃት በሩ ጋ ሆነው አይተዋታል፤ ሊጮሁ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ጠጪው፤ እኔ አልጠማኝም" ያላት ድምፅ መጣባት።

"እሺ፣ እማዬ" አለች ላቀች።

ሃይላንዱን ወደ አፏ አስጠግታ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ከዚያ ባዶውን ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ወደ ገበያዋ ወጣች።